ባለ 14 ክፍሉ ቤት

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። 14 ክፍሎችና ጋራዥ አሉት። የቆመው በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ በተሠራበት ሰፈር ነው። ባለቤቶቹ ብሌይስዴል የሚባሉ ባልና ሚስት ሲሆኑ ሦስት ክፍል ለራሳቸው ይዘው የቀረውን ያከራያሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ዋናውን ቤት አከራይቶ ሰርቪስ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ኑሮ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1928 ቤቱን አስይዘው ከአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ተበደሩ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ጉዳያቸው ዋሽንግተን ደረሰ፤ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞችም አምስት ለአራት ተከፍለው ውሳኔ ሰጡበት። ውሳኔው እስከ ዛሬ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

ስለ ቤት ብድርና ስለ ንብረት ሕግ ቃላት የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ነው። አንብበን ስንጨርስ መያዣው፣ ሐራጁ፣ ወለዱ ሁሉ ተለያይቶ ይቀራል። ቃላቱ እርስ በርሳቸው ሲያያዙ የሚታየው በአንድ ሰው ቤት ላይ ተራ በተራ ሲደርሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ከብሌይስዴል ቤት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ታሪኩን የተከታተለ ሰው ከአብዛኛው የሕግ ቃል ሥር አንድ ጥያቄ ተቀምጦ ያገኛል፤ ተበዳሪው ስንት ቀን አለው? ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ላይ ስደርስ ወደ እኛው እመለሳለሁ።

ከውሉ እንጀምር። አበዳሪው ሆም ቢልዲንግ ኤንድ ሎን አሶሲዬሽን የሚባል ማኅበር ነበር። ውሉ በዋሽንግተንና በሎስ አንጀለስ ያሉ ዘመዶቻችን በየወሩ «ሞርጌጅ ከፈልኩ» የሚሉት፣ በእኛ ሕግ «የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ» የሚባለው ዓይነት ነው። ተበዳሪው ቤቱ ውስጥ ይኖራል፣ ያከራያል፣ ያድሳል፤ አበዳሪው ግን ዕዳው ካልተከፈለ ከቤቱ ሽያጭ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ገንዘቡን የማግኘት መብት ይይዛል። የአገራችን ነባር «ወለድ አግድ» ከዚህ ይለያል። በወለድ አግድ አበዳሪው ራሱ መሬቱን ወይም ቤቱን ተረክቦ ይጠቀምበታል፤ ምርቱ ወይም ኪራዩ በወለድ ፈንታ ይሆንለታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለቱንም ለየብቻ ደንግጓቸዋል።

የብሌይስዴሎች ውል አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ነበረው፤ የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ አንቀጽ። ተበዳሪው ክፍያ ካቋረጠ አበዳሪው ክስ መመሥረት፣ ምስክር ማሰማት፣ ፍርድ መጠበቅ አያስፈልገውም። በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሸሪፉ በሐራጅ ይሸጥለታል። በ1928 ዓለም ሰላም፣ ኪራይ ሞልቶ፣ ይህን አንቀጽ ልብ ብሎ ያነበበ ተበዳሪ ብዙ አይመስለኝም።

በዓመቱ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ሥራ ጠፋ፣ ተከራይ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ መክፈል አቃታቸው። ሜይ 2 ቀን 1932 ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ገዢው ማን ሆነ? ራሱ አበዳሪው። ዋጋው 3,700 ዶላር ከ98 ሳንቲም ነበር፤ ይህም ልክ የዕዳው መጠን ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አበዳሪ በራሱ ሐራጅ ሲጫረት ጥሬ ገንዘብ ይዞ አይመጣም፤ የሚጫረተው በዕዳው ነው። ሌላው ተጫራች ግን ከኪሱ ማውጣት አለበት። በ1932 ያን ያህል ገንዘብ በእጁ የነበረ ሰው ጥቂት ነው፤ የነበረውም አያወጣውም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ያለው ተጫራች አበዳሪው ብቻ ነበር። ሐራጅ የገበያ ዋጋን ያወጣል የሚለው የሕጉ እምነት የሚሠራው ገበያተኛ ሲኖር ነው። ፍርድ ቤቱ በኋላ እንዳረጋገጠው የዚያ ቤት ተገቢ የገበያ ዋጋ በዚያ በክፉ ዘመን እንኳ 6,000 ዶላር ነበር። በቤቱ ዋጋና በዕዳው መካከል ያለው ልዩነት 2,299 ዶላር ከ2 ሳንቲም ነው። በአሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ «ቤቴ ኢኩዊቲ አለው» ሲል የሚናገረው ስለዚህ ልዩነት ነው። የባለቤቱ ሀብት ነው፤ የአበዳሪው አይደለም። ሆኖም በዚያች ቀን በአንድ የመዶሻ ምት ወደ አበዳሪው ሊሻገር ተቃርቦ ነበር።

አንድ ነገር ግን ብሌይስዴሎችን አልነካቸውም። አበዳሪው ቤቱን በሙሉ ዕዳው ስለገዛው የቀረ ዕዳ አልኖረም። ቤቱን በ2,500 ዶላር ቢገዛው ኖሮ ግን በቀረው 1,200 ዶላር ዳግም ሊከሳቸው ይችል ነበር። ይህ የጉድለት ዕዳ ይባላል። ቤቱም ሄዶ፣ ዕዳውም ቀርቶ፣ ደመወዙም ተይዞ የሚቀር ሰው ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ካሊፎርኒያ በዚያው በ1933 ቤት ለመግዛት በተወሰደ ብድር ላይ የጉድለት ዕዳ እንዳይጠየቅ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ዛሬም አለ። ሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን ይፈቅዳሉ። በአሜሪካ ቤት የሚገዛ ሰው ስለ ወለዱ መቶኛ ሩብ ነጥብ ሲከራከር ይውላል፤ የሚኖርበት ግዛት በጉድለት ዕዳ ላይ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ግን ስንቱ ነው?

ወደ ቤቱ እንመለስ። ሐራጁ ካለቀ በኋላም ብሌይስዴሎች ከቤቱ አልወጡም። ገዢው የያዘው ስመ ንብረቱን አይደለም፤ የሸሪፍ የሽያጭ ምስክር ወረቀት ነው። በሚኒሶታ ሕግ ባለቤቱ ከሐራጁ በኋላ አንድ ዓመት ተሰጥቶት ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ የሐራጁን ዋጋ፣ ወለዱንና ወጪውን ከከፈለ ቤቱን ይቤዣል። ካልከፈለ በዓመቱ ማለቂያ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ ምስክር ወረቀቱም ሙሉ ባለቤትነት ይሆናል።

ይህ የመቤዠት መብት ከሚኒሶታ እጅግ ያረጀ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያንን በደንብ ያነበበ ሰው 25ኛው ምዕራፍ ላይ ያስታውሰዋል፤ ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ መኖሪያ ቤቱን የሸጠ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ የመቤዠት ፈቃድ አለው፤ ዓመቱ ካለፈ ቤቱ ለገዢው ለልጅ ልጅ ይጸናል። ሙሴና የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች በአንድ ዓመት መስማማታቸው እኔን ሁልጊዜ ያስገርመኛል። በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ ረጅም ትግል ፈጅቷል። በመካከለኛው ዘመን ተበዳሪው ስመ ንብረቱን ጭምር ለአበዳሪው ያስተላልፍ ነበር፤ ቀኑ ደርሶ ዕዳው ካልተከፈለ፣ በማግስቱ ገንዘቡን ቆጥሮ ቢያመጣ እንኳ ሰሚ የለውም። በ17ኛው መቶ ዘመን ግን የንጉሡ የርትዕ ፍርድ ቤት «ቀኑ ቢያልፍም ዕዳውን ያመጣ ሰው ንብረቱን ይመልስ» ማለትን ልማድ አደረገው። አበዳሪዎች ደግሞ በተራቸው «ታዲያ እስከ መቼ ልንጠብቅ?» ብለው አመለከቱ። ፍርድ ቤቱም ለተበዳሪው የመጨረሻ ቀን ቆርጦ፣ ከዚያ በኋላ የመቤዠቱን በር የሚዘጋ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ። ፎርክሎዠር የሚባለው ያ በር መዝጋት ነው። አንዱ ጊዜ ይጨምራል፣ ሌላው ጊዜ ይቆርጣል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የመያዣ ሕግ ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ክርክር ነው ማለት ይቻላል።

የብሌይስዴሎች ዓመት የሚያልቀው ሜይ 2 ቀን 1933 ነበር። ለመቤዠት አዲስ ብድር ያስፈልጋል፤ አዲስ ብድር የሚሰጥ ግን አልነበረም። ዕዳው ደግሞ ቆሞ አልጠበቀም። ግብሩና ኢንሹራንሱ ተጨምሮበት፣ ከሐራጁ ወዲህ ያለው ወለድ ሳይቆጠር እንኳ፣ 4,056 ዶላር ከ39 ሳንቲም ደረሰ።

እነዚያ የጸደይ ወራት በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ተራ ወራት አልነበሩም። ገበሬዎች የጎረቤታቸው እርሻ በሐራጅ ሲሸጥ ተሰብስበው ይመጡና አንዲት ላም በጥቂት ሳንቲም፣ አንድ ማረሻ በአንድ ሳንቲም ተጫርተው ገዝተው ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ዋጋ ለመጨመር የሚቃጣው እንግዳ ካለ ከጎኑ የቆሙትን ሰዎች አይቶ አፉን ይዘጋል። በአይዋ ግዛት በለ ማርስ ከተማ ኤፕሪል 27 ቀን 1933 የተቆጡ ገበሬዎች ቻርልስ ብራድሊ የተባለውን ዳኛ ከችሎቱ አውጥተው፣ ገመድ አንገቱ ላይ አግብተው፣ የፎርክሎዠር ትእዛዝ እንዳይፈርም ሊያስምሉት ሞከሩ። ዳኛው አልማለም፤ በሕይወት ተረፈ፤ ግዛቱ ግን ወታደር አስገባ።

ሚኒሶታ ሌላ መንገድ ያዘች። አገረ ገዢዋ ፍሎይድ ኦልሰን ገና በክረምቱ የሐራጅ ሽያጮችን በትእዛዝ አስቁሞ ነበር። ኤፕሪል 18 ቀን 1933 ደግሞ የሞርጌጅ ማራዘሚያ ሕግ ጸደቀ። ሕጉን በጥሞና ላነበበው በቁጣ የተጻፈ አይመስልም። ዕዳ አልሰረዘም። ወለድ አላቆመም። የተካሄደውን ሐራጅ አላፈረሰም። ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ ፍርድ ቤት ተገቢ ሆኖ ካገኘው የመቤዠቱን ጊዜ ሊያራዝም ይችላል፣ ይኸውም ቢበዛ እስከ ሜይ 1 ቀን 1935። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተበዳሪው በነጻ አይቀመጥም፤ የቤቱን ተገቢ የኪራይ ዋጋ ዳኛው ተምኖ በየወሩ እንዲከፍል ያደርገዋል። ጊዜው እስኪያበቃም የጉድለት ዕዳ ክስ አይከፈትም።

ብሌይስዴሎች የቀራቸው ሁለት ሳምንት ነበር። ፍርድ ቤት ሄዱ። የመጀመሪያው ዳኛ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ይጋጫል ብሎ አሰናበታቸው፤ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን መልሶ ላከለት። የቤቱ የኪራይ ዋጋ በወር 40 ዶላር ተተመነ። ያንን እየከፈሉ እስከ ሜይ 1935 እንዲቆዩ ታዘዘ፤ ገንዘቡም ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለወለድና ለዕዳው ይውላል። አበዳሪው ይግባኝ አለ።

የይግባኙ ነጥብ ከባድ ነበር። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 10 ማንኛውም ግዛት የውልን ግዴታ የሚያዳክም ሕግ ማውጣት እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ በ1787 የገባው ከነጻነት ጦርነቱ በኋላ ግዛቶች ለባለ ዕዳዎች እያዘኑ የአበዳሪን ገንዘብ የሚያዘገይ ሕግ በየጊዜው ስላወጡ ነው። ተቃዋሚዎቹን አራት ዳኞች ወክሎ የጻፈው ሰዘርላንድ ይህንን ታሪክ ነቅሶ አቀረበ። አንቀጹ የተጻፈው ለክፉ ቀን ነው፤ በደህና ቀንማ ማን ውል ያፈርሳል? የክፉ ቀን መጣ ተብሎ ከታጠፈ መጻፉ ምን ፈየደ? አብረውት ከተቃወሙት አንዱ ፒርስ በትለር የሚኒሶታ ሰው ነበር፤ የገዛ አገሩን ሕግ ነው የተቃወመው።

ዋናው ዳኛ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ ለአምስቱ ጻፈ፤ ውሳኔው ጃንዋሪ 8 ቀን 1934 ወጣ። አስቸኳይ ሁኔታ አዲስ ሥልጣን አይፈጥርም፤ ነገር ግን የነበረውን ሥልጣን ለመጠቀም ምክንያት ሊሆን ይችላል አለ። ከዚያ ሕጉን አንድ በአንድ መዘነው። አስቸኳዩ ሁኔታ እውነተኛ ነው ወይ? ሕጉ ለጥቂቶች ጥቅም ነው ወይስ ለኅብረተሰቡ? ቅድመ ሁኔታው ሚዛናዊ ነው? የሚያበቃበት ቀን አለው? ዕዳው እንዳለ ነው፣ ወለዱ ይቆጠራል፣ አበዳሪው የኪራዩን ያህል ያገኛል፣ ካልተቤዠም ቤቱን ይወስዳል። የተነካው አበዳሪው ቤቱን የሚረከብበት ቀን ነው።

እኔ ሁለቱን ጽሑፎች ሳነባቸው በታሪኩ ሰዘርላንድ ያሸንፋል፤ አንቀጹን የጻፉት ሰዎች ይህንኑ ዓይነት ሕግ እያሰቡ እንደነበር መካድ ያስቸግራል። በውጤቱ ግን ከሂዩዝ ጋር ነኝ። ምክንያቴ ለተበዳሪው ማዘን ብቻ አይደለም። ገዢ በሌለበት ገበያ የሚካሄድ ሐራጅ ውሉን አያስፈጽምም፤ ውሉ የአበዳሪው ድርሻ 3,700 ዶላር ነው ብሎ ሳለ 6,000 ዶላር ያስረክበዋል። ጊዜ መስጠቱ ሁለቱን ወገኖች ወደ ተስማሙበት ይመልሳቸዋል።

አበዳሪው ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህንን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። የዚያ ዓይነት ማኅበር ገንዘብ የትንንሽ ቆጣቢዎች ነው፤ እነሱም በዚያው ዘመን ሥራ አጥተው ያስቀመጡትን የሚፈልጉ ናቸው። ለብሌይስዴሎች የተጨመረው እያንዳንዱ ወር ከእነዚህ ሰዎች ላይ የተወሰደ ወር ነው። የ40 ዶላሩ ወርሃዊ ክፍያ የሕጉ ምሰሶ የሆነውም ለዚህ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በ1935 ከአርካንሳስ ግዛት የመጣው ሕግ ያለ እንዲህ ያለ ሚዛን የአበዳሪዎችን መብት ለዓመታት የሚያጓትት ሆኖ ሲገኝ፣ ከሂዩዝ ጋር ድምፅ ሰጥቶ የነበረው ዳኛ ካርዶዞ ራሱ ጽፎ፣ ዘጠኙም በአንድ ድምፅ ጣሉት።

ማራዘሚያ ሕግ ሰውን በቤቱ ያቆየዋል እንጂ መክፈያ አይሰጠውም። መክፈያውን ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ የብድሩ ቅርጽ ራሱ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይሰጡት የነበረው የቤት ብድር በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነበር። ተበዳሪው በእነዚያ ዓመታት ወለዱን ብቻ ይከፍላል፤ ዋናው ገንዘብ እንዳለ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በደህና ቀን ብድሩ በአዲስ ብድር ይተካል። በ1931 ግን የሚተካው ስለጠፋ ክፍያ አንድ ቀን አሳልፎ የማያውቅ ተበዳሪ እንኳ በመጨረሻው ቀን ቤቱን ሊያጣ ቻለ።

በጁን 1933 የተቋቋመው የፌዴራሉ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን እነዚህን ብድሮች ከአበዳሪዎች እየገዛ ወደ 15 ዓመት ብድር ቀየራቸው፤ ወለዱ 5 በመቶ፣ ክፍያውም ወርሃዊ። እያንዳንዱ ክፍያ ወለዱንም ከዋናውም ጥቂት ይይዛል፤ ይህ ነው አሞርታይዜሽን የሚባለው። በቁጥር እንየው። 3,000 ዶላር በ5 በመቶ ለ15 ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ 23 ዶላር ከ72 ሳንቲም ግድም ይከፍላል። በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 12 ዶላር ተኩሉ ወለድ ነው፤ 11 ዶላር ከ22 ሳንቲሙ ዋናውን ይቀንሳል። በሚቀጥለው ወር ዋናው ስለቀነሰ ወለዱም ጥቂት ይቀንሳል፤ ክፍያው ሳይለወጥ የዋናው ድርሻ እያደገ ይሄዳል። በ180ኛው ወር ዕዳው ዜሮ ይሆናል፤ በመጨረሻው ቀን የሚጠብቅ ድንገተኛ ሂሳብ የለም። ተቋሙ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብድር እንዲህ ቀየረ። ከአምስቱ አንዱ ያህል ግን ይህም ተደርጎለት ቤቱን አጥቷል። ያው ተቋም ሰፈሮችን በአራት ቀለም ከፋፍሎ ካርታ ሠርቶ፣ ጥቁሮች የሚኖሩበትን በቀይ መቀባቱም የታሪኩ ክፍል ነው። ጊዜ የተሰጠው ለሁሉም እኩል አልነበረም።

የዋሽንግተን አካባቢ አንባቢዎች ይህን ሁሉ በሌላ ዘመን አይተውታል። በ2000ዎቹ አጋማሽ እንደገና ቅርጹ የተበላሸ ብድር መጣ፤ ወለዱ ለሁለት ዓመት ዝቅ ብሎ ከዚያ የሚወነጨፍ፣ አንዳንዱም ወርሃዊ ክፍያው ወለዱን እንኳ ስለማይሸፍን ዕዳው እየተከፈለ የሚያድግ። በ2008 ቀውሱ ሲፈነዳ የሰው ዕጣ የሚወሰነው በከፊል ከፖቶማክ ወንዝ በየትኛው ማዶ እንደሚኖር ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሰው በሜሪላንድ ሕግ ሥር ነው። ሜሪላንድ በዚያው ዓመት ሕጓን አሻሽላ፣ ክፍያ ከተቋረጠ 90 ቀን ሳይሞላ፣ ማስጠንቀቂያ ከተላከም 45 ቀን ሳያልፍ የፎርክሎዠር ጉዳይ እንዳይከፈት አደረገች። አሌክሳንድሪያ ያለው ዘመዱ ደግሞ በቨርጂኒያ ሕግ ሥር ነው። እዚያ የተለመደው ዲድ ኦፍ ትረስት ነው፤ ተበዳሪው ስመ ንብረቱን ለሦስተኛ ወገን፣ ለባለ አደራ ያስተላልፋል፤ ክፍያ ሲቋረጥ ባለ አደራው ያለ ፍርድ ቤት ይሸጣል። ሽያጩ ካለቀ በኋላ የመቤዠት ዓመት የለም። ሁለቱ ዘመዳሞች ከአንድ ባንክ፣ በአንድ ወለድ ተበድረው ሊሆን ይችላል።

በአገር ቤት ደግሞ የምናስይዘው ነገር ራሱ የተለየ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ ባንክ የሚይዘው ቤቱንና ከቤቱ ጋር የሚሄደውን የይዞታ መብት ነው። በሊዝ የተያዘ መሬት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት የሊዝ መብቱ የሚያዘው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። ካርታ በእጁ ስላለ ብቻ የቦታው ዋጋ ሁሉ የእሱ የሚመስለው ሰው ባንክ ቤት ሲደርስ የሚደነግጠው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው። ቤት ገዢም ቢሆን ከሻጩ እጅ ካርታውን በማየት ብቻ ማቆም የለበትም፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የመዘገበው መሥሪያ ቤት ይናገር። መያዣ መብት የሚሆነው ሲመዘገብ ነው፤ ከተመዘገበ ደግሞ ቤቱ ከሰው ወደ ሰው ቢያልፍም ከቤቱ ጋር ይሄዳል።

ጊዜውስ? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ላይ ጠንካራ ነበር። አንቀጽ 3060 አበዳሪው በሕግ የተወሰነውን ሥርዓት ሳይከተል የተያዘውን ንብረት እንዲሸጥ ወይም ለራሱ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ ስምምነት፣ ከመያዣው በኋላ የተደረገ ቢሆን እንኳ፣ እንደማይጸና ይደነግጋል። «ባልከፍል ቤቴን ውሰድ» ብሎ መፈረም ዋጋ የለውም ማለት ነው። በ1990 ዓ.ም. ግን አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ብቻ ልዩ መንገድ ከፈተ። ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የተያዘውን ንብረት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ግለሰብ አበዳሪ ይህ መብት የለውም፤ ዛሬም በፍርድ ቤት በኩል ማለፍ አለበት።

የባንኮቹ ክርክር ከ1934ቱ አበዳሪ ክርክር ጋር ዘመድ ነው፤ የተበደረ ሰው በችሎት ዓመታት ካስቆጠረ የአስቀማጩ ገንዘብ ይታሰራል፣ ቀጣዩም ተበዳሪ ብድር ያጣል። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። ነገር ግን የሚኒያፖሊሱ ተበዳሪ ከሐራጁ በኋላ 12 ወር ነበረው፤ የእኛው ተበዳሪ የተሰጠው ከሐራጁ በፊት 30 ቀን ነው። ተበዳሪው ከባንኩ ጋር የሚደራደረው፣ ገዢ ፈልጎ ቤቱን በገበያ ዋጋ ራሱ የሚሸጠው፣ ከዘመድ ተበድሮ የሚያስለቅቀው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው። ቤቱ በሐራጅ ተሽጦ ከዕዳው፣ ከወለዱና ከወጪው የሚተርፍ ገንዘብ ካለም የባለቤቱ ነው፤ ሂሳቡን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው።

አዋጁ ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት መሸጥ የሚችለው ተበዳሪው በውል ከተስማማለት ነው። ብሌይስዴሎች በ1928 የፈረሙት አንቀጽ አቻው በብድርና በመያዣ ውሎቻችን ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ውልና ማስረጃ ፊት ቀርበን፣ ምስክር ቆሞ፣ በየገጹ ስንፈርም እሱም አብሮ ይፈረማል።